ከአጥሩ ወዲያ

ኢሊኖይ ሜዳ ናት፤ ኮረብታ አታውቅም፤
ከእጅ ያፈተለከ ጥይት የሚያስቆም
አንድ ጉብታ የለም።
ስለዚህ ሕጋችን ሩቅ ተጓዡን ጠመንጃ ከልክሎ
"በድፍን እርሳስ አድኑ" ይላል፤
አውራ ጣት በሚያህል፣ ወፍራም፣ ሰነፍ እርሳስ፣
መቶ እርምጃ በርሮ ወገቡ በሚጎብጥ፣
ከጎረቤት መስኮት ሳይደርስ
አፈር በሚቀምስ።

መሣሪያው የአባቴ ነው፤ ባለ ፓምፕ፤
ሁለት ጥጃ ሸጦ የገዛው፣
እንጨቱን በመዳፉ ወዝ ያጠቆረው።
ሸክ ወደ ኋላ፣ ቸክ ወደ ፊት፤
በልጅነቴ "አባት" ማለት ይህ ድምፅ ይመስለኝ ነበር።
"ሦስት ትጎርሳለች፣ ማርሊስ" ይለኝ ነበር፣
"አንደኛዋ ለሥጋ፣ ሁለቱ ለኀፍረት፤
አንዷን አስበሽ ተኩሺና
ሁለቱን ይዘሻቸው ግቢ ወደ ቤት።"

ኅዳር ነው። ቅዳሜ። ጎሕ ሊቀድ ሲል።
በቆሎው ታጭዷል፤ የአገዳው ጉቶ በአመዳይ ነጥቷል።
ብርቱካንማ ሰደርያዬን ደርቤ
በተደፋ የቀለም ባልዲ ላይ፣
ቅጠሉ ከረገፈ ዛፍ ሥር ተቀምጫለሁ።
አፍንጫዬ ይፈሳል፤ ጣቴ ደንዝዟል፤
አደን አብዛኛው መቀመጥ ነው።
አንዲት ሽኮኮ ስትንኮሻኮሽ
ሦስት ጊዜ አጋዘን አደረግኋት።

አጋዘኑ ግን ኮሽ ሳይል፣ ሳይመጣ፣
እዚያው ቆሞ ተገኘ።
ቀንዱ ስምንት ቅርንጫፍ፤ ትንፋሹ እንፋሎት፤
አርባ እርምጃ።
ቁልፏን በዝግታ ገፋኋት፤ ጠቅ።
ከትከሻው ጀርባ፣ ሳንባው ያለበትን አስቤ
ሳብኩ።

በቅሎ የረገጠችኝ መሰለኝ።
ሸክ-ቸክ፤ እጄ ሳላዘው ሠራ፤
ባዶው ቀፎ እየጨሰ አመዳዩ ላይ ወደቀ።
እሱ ጅራቱን ሸጉጦ፣ ጎንበስ ብሎ ሮጠ፤
በአንድ ዝላይ
የኬርሚትን አጥር ተሻገረ።

ከኬርሚት ብራንድቮልድ ጋር ከተኳረፍን ዐሥራ አራት ዓመት።
ጠቡ የቦይ ነው፤ ውሃው በማን ማሳ ይውረድ፤
አባቴ ቆፈረ፣ እሱ ደፈነ፤
አባቴ ከሰሰ፣ እሱ መልሶ ከሰሰ፤
ለቀብሩም መጥቶ
ከመቃብሩ ማዶ፣ መኪናው ውስጥ፣
ሞተሩን ሳያጠፋ ተቀመጠ።

ደሙን ተከተልኩ፤
ጠብታ፣ ከዚያ እንደ ሳንቲም፣ ከዚያ እንደ መዳፍ፤
የሽቦው እሾህ ላይ አንድ ጭብጥ ጠጉር።
አውሬ አጥር አያውቅም፤ ሰው ግን ያውቃል፤
ሳያስፈቅዱ መሻገር ክልክል ነው።
ሁለቱን ጥይት አውጥቼ ኪሴ ከተትኩ፤
ጠመንጃውን መኪናዬ ውስጥ ቆልፌ
በመንገዱ ዞሬ በሩን አንኳኳሁ።

በካልሲ ወጣ። አርጅቷል።
ሰደርያዬን አየ፤ እጄን አየ፤
"የኦርሊን ጠመንጃ ናት" አለ፤ "ፓምፗን ዐውቃታለሁ።
ትደግም እንደሆን ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ፤
አልደገመችም።"
ቦት ጫማውን መፈለግ ጀመረ።

ወድቆ ያገኘነው የት ነው?
ቦዩ ውስጥ።
እዚያው በተካሰስንበት ቦይ፣
ግማሽ ጎኑ ስስ በረዶ ሰብሮ፣
ዓይኑ ክፍት፤ ውሃው ቀንዱን ዞሮት ይወርዳል።
"ይቅርታ" የሚል ቃል ከማናችንም አልወጣም።
"ግራ ቀንዱን ያዢ" አለኝ፤
እኔ ግራውን፣ እሱ ቀኙን፤
ዳርቻውን ሽቅብ ስንጎትተው
ሁለታችንም አለከለክን።

ግማሹን ውሰድ ብለው ራሱን ወዘወዘ።
"ጉበቱን ብቻ። ሽንኩርት አለኝ።"

ወደ ቤት ስነዳ
ሁለቱ ጥይቶች ኪሴ ውስጥ ተጋጩ፤
አጫጭር፣ ከባድ፣
በገላዬ የሞቁ።